ታጥቦ የሚመለስ ምሳ ዕቃ

የወንድሜን ምሳ ማን ነበር የሚበላው?

ከናዝሬት ይዤው የወጣሁት ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ይህ ጽሑፍ ሲያልቅም አላገኘውም፤ መልስ ፍለጋ የምታነቡ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምጽፈው ሀገር ቤት ሆናችሁ «ውጭ የወጣ ሰው ደግሞ ምን ጎደለበት?» ለምትሉት ነው። እንደኔ ወጥታችሁ ከጉሮሯችሁ የማይወርድ ነገር ይዛችሁ ለምትኖሩትም ነው። እናቴ አሁን ሁሉንም ታውቃለች። እሷ ሳታውቅ አንዲት መስመር አልጽፍም ነበር።

የስደታቸውን ታሪክ ያጫወቱኝ ሰዎች ሁሉ የወጡት በሌሊት ነው። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የናዝሬት ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ሲያስገባ መንገዱ ለአህያና ለእኔ ቀረ። በሌሊትማ ሰዓት እላፊ ነበር፤ ማን ይንቀሳቀሳል?

ለእማዬ «ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ዝዋይ ደርሼ እመጣለሁ» አልኳት።

«ለስንት ቀን?»

«ለሦስት።»

«ለሦስት ቀን ነው ሁለት ቀሚስ ደርበሽ የለበስሽው? በዚህ ሙቀት?»

መልሴን ሳትጠብቅ ገብታ የቶሎሳን ግራጫ ሹራብ ይዛ ወጣች። ቶሎሳ ወንድሜ ነው፤ ሌላ ወንድምም እህትም የለኝም።

«ይኼን ያዢ። የወሰዱት ደጋ ከሆነ ይበርደዋል። ባገኘሽው ቦታ ስጪው።»

ተቀበልኳት። ወንድሜ ከሞተ ሦስት ወር እንዳለፈው እያወቅሁ፣ ዓይኗን እያየሁ ተቀበልኳት። ይህን ስጽፍ ሹራቡን ለብሼዋለሁ፤ እጅጌው ይረዝምብኛል። ልበሺው ያለችኝ ራሷ ናት፤ ግን ያን ለማለት ዓመታት ፈጅቶባታል፤ ጥፋቱም የኔ ነው።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ።

አባታችን የሁሩታ ገበሬ ነበር፣ ስንዴ አብቃይ። እማዬ የሸዋ ሴት ናት። ቤታችን ውስጥ ጸሎት በአማርኛ፣ ቁጣ በኦሮምኛ ነበር። እኔ ትልቋ ስለሆንኩ ቤት ቀረሁ፤ ቶሎሳ በአራት ዓመት ታናሼ ሆኖ ትምህርት ቤት ገባ። ሲመለስ በከሰል በራችን ላይ ፊደል እየጻፈ «አንብቢ» ይለኛል። ስሳሳት አይስቅም፤ ያጠፋና እንደገና ይጽፋል። አባታችን ሲሞት ናዝሬት ገባን፤ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ስህተት ይፈራል። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ የጽሕፈት መኪና ተማርኩና በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ገጽ ሙሉ ጽፌ አንድ ፊደል አልሳሳትም ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ቶሎሳ ደራ ከተማ አስተማሪ ሆነ። እዚያው ያዙትና ናዝሬት አምጥተው አሰሩት። የአንድ ድብቅ ፓርቲ አባል ነበር ይላሉ። ይሁን አይሁን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ያኔ ቤተሰብ ነው እስረኛውን የሚያበላው። እማዬ በጠዋት ትሠራለች፤ እኔ በምሳ ሰዓት ከቢሮ ወጥቼ አደርሳለሁ። ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ነው፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ ክዳኑ ላይ ስሙን በፕላስተር የለጠፍኩበት። በር ላይ ዘበኛው «ቅመሺ» ይላል፤ እቀምሳለሁ። ስም ይጠራል፤ ዕቃው ይገባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶው ይወጣል።

ባዶው ስል ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ቶሎሳ ገበታ ላይ አንዲት ጉርሻ ትቶ የመነሳት ልማድ ነበረው። ልጆች ሆነን እኔ ውሃ ቀድቼ፣ እንጨት ሰብሬ ስገባ ገበታው ተነስቶ ስለሚጠብቀኝ የጀመረው ነው። «ይቺ የአስቱ ናት» ይላል፣ ማንም እንዳይነካት። እስር ቤትም አልተወም። ምሳ ዕቃው ሲመለስ ጥግ ላይ አንዲት ጉርሻ ትኖራለች። እማዬ ክዳኑን ከፍታ መጀመሪያ የምታየው እሷን ነው። «አለ ልጄ» ትላለች፣ ጉርሻዋንም ታጎርሰኛለች። ከዚያ በኋላ ነው ቤታችን የሚተነፍሰው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዬ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። «በአምስት ኮፒ፣ ቶሎ» አለኝ። የስም ዝርዝር ነው፦ ስም ከነአባት፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ እና የመጨረሻው ዓምድ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ነው የተጻፈው፤ ምን እንደሆነ የዚያ የአብዮት ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ የተጻፈለት አይመለስም። አሥራ አንደኛው ቶሎሳ ነው።

እጄ አልቆመም። ብትጠይቁኝ ቆመ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ስሙን ጻፍኩ፣ የአባታችንን ስም ጻፍኩ፣ ዕድሜውን፣ «መምህር» የሚለውን፣ ከዚያ ያን ቃል። ከዚያ አሥራ ሁለተኛውን ጻፍኩ። ገጹ ላይ አንድ ስህተት የለም። አለቃዬ አየውና «አስቴር፣ አንቺ እኮ ከማሽኑ ትብሻለሽ» አለኝ። የአባቴን ስም ያውቃል፤ አስተውሎ ይሁን ሳያስተውል አላውቅም።

ለእማዬ ለምን አልነገርሽም ትሉኝ ይሆናል። መርዶ እኮ እንዲሁ አይነገርም። ማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት በግራና በቀኝ ተቀምጦ፣ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ። ያኔ ደግሞ በዚያ ቃል ለሄደ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። ማን ይመጣልኛል? ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግታ በየቤቱ ተሸሽገን ነው የምንጸልየው። ብቻዬን ምድጃ አጠገብ ቆሜ «እማዬ፣ ቶሎሳ ሞቷል» ልበላት? ሰው እስካገኝ ልቆይ አልኩ። በማግስቱ ምሳው ተሠርቶ ጠበቀኝ። ይዤ ሄድኩ።

ዕቃው ገባ። ስሙ ተጠራ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዕቃው ተመለሰ። ሦስቱም ድርብ ባዶ ነው። ታጥቧል። ገና አልደረቀም።

እማዬ ከፈተችው። «ጨርሶታል። ውሃ አግኝቶ አጥቦታል፣ ንጹሕ ልጅ።» ከዚያ ጥጉን አየች፤ ክዳኑን ገልብጣ አየች። «ያንቺን ጉርሻ ለምን አልተወም?» አለች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

በማግስቱ ጥፋቴን ጀመርኩ። ከቤት እንደወጣሁ ከምሳው አንዲት ጉርሻ ቆርሼ በነጭ የጽሕፈት ወረቀት ጠቀለልኩ። ታጥቦ የወጣውን ዕቃ ይዤ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ቁጭ አልኩና ጉርሻዋን ጥግ ላይ አስቀመጥኩ፣ ልክ እሱ እንደሚያደርጋት አድርጌ፣ በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ። እማዬ ስትከፍት ፊቷ በራ። «አለ ልጄ» አለችና አጎረሰችኝ። ዋጥኩ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረግሁ። አንድ ቀን ዘበኛው ባዶውን ሲሰጠኝ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ጨው ትቀንስ» አለኝ። በላተኛው እሱ ይሆን? ወይስ ከውስጥ ያለ ሰው ነግሮት? እኔ ግን ቤት ገብቼ «ቶሎሳ ጨው ይቀነስ ብሏል» አልኳት፤ እሷም ደስ አላት፣ ቀነሰችም። በሃያኛው ቀን ዘበኛው ዕቃውን አልቀበልም አለ። «ተዛውሯል። ሌላ ጊዜ አታምጪ።»

«ወዴት?»

«ሩቅ።»

እማዬ «ሩቅ» የሚለውን ይዛ ኖረች። ሩቅ ያለ ሰው ሹራብ ያስፈልገዋል።

የይለፍ ወረቀቴን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ በዚያ ማሽን የጻፍኩት የመጨረሻ ገጽ እሱ ነው። ሽንኩርት ሊጭን መቂ በሚወርድ መኪና ተነሳሁ፤ ከመቂ ዝዋይ፣ ከዝዋይ ሻሸመኔ። ሻሸመኔ ኬላ ላይ ጠባቂው ወረቀቴን ይዞ ቆመ። ያነባል፣ ያገላብጣል።

«ይኼን የጻፈው ማነው?»

«ምነው ጓድ?»

«ሥርዓት ያለው ነዋ። የኛ ጸሐፊ መስመር እንኳን አትጠብቅም።» መለሰልኝና «እለፊ» አለኝ።

ከዲላ እስከ ሞያሌ ያለውን ዘልዬዋለሁ፤ የተጓዘበት ያውቀዋል፣ ያልተጓዘበት አይመነኝም። ናይሮቢ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ልብስ አጠብኩ፣ ተኮስኩ። ከዚያ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በኩል ስዊድን የሚባል ሀገር ተላክሁ። በኅዳር ደረስኩ። ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ገብታ ትተኛለች። ከተማው ሐይቅ ዳር ነው አሉኝና ቆቃን የመሰለ ነገር ጠበቅሁ፤ ሐይቁን ሳየው ሰው በላዩ ላይ ይራመዳል። በረዶ መሆኑን እስካውቅ ድረስ እንደ ጴጥሮስ ነው ብዬ ቆሜ አየሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን የተቀበለኝ ሰውዬ በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው። አስተርጓሚዋ ድሮ ወለጋ የኖሩ አሮጊት ሚሲዮናዊት ነበሩ፤ አማርኛቸውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው የተማሩት።

«ወንድም አለሽን?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«እርሱስ ወዴት ነው?»

«ታስሯል።»

«በሕይወት አለን?»

ሰውዬው ሁለቱን ጣቶቹን አንስቶ ይጠብቃል። የማሽኑ ድምፅ ቆሟል። «ታስሯል» አልኩ ደግሜ። ጻፈው። ስሜንም አጣሞ ጻፈው፤ በጣቴ አሳየሁት፤ «ምንም አይደለም» አለኝ። ምንም አይደለም! እኔ እኮ በዚህ ነው የምኖረው።

ለእማዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። የሷ መልስ በጎረቤታችን በጋሽ ሁሴን እጅ ተጽፎ ይመጣል። ጋሽ ሁሴን ባለ ሱቅ ናቸው፤ ስልክም ያለው እሳቸው ጋ ነው። ደብዳቤው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ያልቃል፦ «እናትሽ እንዲህ ትላለች፣ ከሩቅ ሀገር የመጡ ስደተኞችን ጠይቂ፣ ምናልባት ቶሎሳ ተሻግሮ ይሆናል።» እኔም «እየጠየቅሁ ነው» እያልኩ እመልሳለሁ። አንድ ጉርሻ በየሁለት ወሩ በፖስታ እልክላት ነበር ማለት ነው።

የተከራየሁት ፍሩ ኤክ የሚባሉ ባልቴት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል በሰዓት ነው፤ ትቬትስቱጋ ይሉታል። አንድ ቀን ልብሴን ለማውጣት አምስት ደቂቃ ዘገየሁ።

«አስቴር፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የእኔ ነው።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ እኮ ነው፣ ፍሩ ኤክ።»

«አምስቱ ደቂቃም የእኔ ናቸው።»

ተናደድኩ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደድኳቸው። እንደኔ ያሉ ሰው ናቸው። በኋላ ሲታመሙ የምስር ሾርባ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። በማግስቱ በሬን አንኳኩተው ሳህኑን ሰጡኝ። እኛ ሀገር የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ አንድ እፍኝ ቆሎ ይደረግበታል። የሳቸው ግን ባዶ ነው፣ ታጥቧል፣ ገና አልደረቀም። እጄ ከዳኝ። ሳህኑ ደረጃው ላይ ወድቆ ተሰበረ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ታጥፈው አልዘረጋ አሉ።

ፍሩ ኤክ አጎንብሰው አዩኝና «ሾርባው እኮ ጥሩ ነበር!» አሉኝ፣ በጣም ደንግጠው።

ሥራ አገናኝ ቢሮው የጸሐፊነት ኮርስ አስገባኝ። ማሽኑ ፊት ስቀመጥ ጣቶቼ እንደዚያው ታጠፉ። ሐኪም ዘንድ ላኩኝ፤ በመርፌ ወጉኝ፣ በመብራት አዩኝ። «እጅሽ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ጤነኛ እጅ ይዤ ሥራ አጣሁ። ምላስሽን ተጠቀሚ አሉኝና አስተርጓሚ ሆንኩ። ቶልክ ይባላል። የቶልክ ሕግ ሦስት ነው፦ ምንም አትጨምሪም፣ ምንም አትቀንሺም፣ ሰውዬው «እኔ» ሲል አንቺም «እኔ» ትያለሽ። ይህ ለእኔ የተሠፋ ልብስ ነበር። የራሴን «እኔ» አስቀምጬ የሰው «እኔ» ስናገር እውላለሁ።

ከዓመታት በኋላ ለስደተኞች በተከፈተ አንድ ክሊኒክ መሥራት ጀመርኩ። ረቡዕ ረቡዕ አምስት ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ይከባል፦ ዶክተሯ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ሶሻል የሚሏት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ሰውነት የሚያፍታታው፣ እና ከቤተ ክርስቲያን የመጣች ዲያቆናዊት። ቡናና ቡሌ የሚሉት ጣፋጭ ዳቦ ይቀርባል፤ ከዚያ በሰው ሕመም ይከራከራሉ። ዶክተሯ ሆድ ነው ትላለች። ሥነ ልቦናው ትዝታ ነው ይላል። ሶሻሏ «ቤት ቢያገኝ ይሻለው ነበር» ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ልክ ናት። ሰውነት የሚያፍታታው ደግሞ «ሕመሙ ትከሻው ላይ ነው» ይላል። ዲያቆናዊቷ የምትናገረው በመጨረሻ ነው፤ «ማንን ነው ያጣው?» ትላለች።

አንድ ቀን ሥነ ልቦናው «ትራውማን በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?» አለኝ። ቃል አልመጣልኝም። «ስም የለንም፤ ደንግጦ የቀረ ሰው እንላለን» አልኩት።

«ከዚያስ? ደንግጦ የቀረውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ገለጽኩለት፦ ማለዳውን፣ ሽማግሌውን፣ በግራና በቀኝ የሚቀመጠውን ሰው፣ ቀን ሙሉ ማንም ብቻውን እንደማይተው፣ ምግብ ከጎረቤት እንደሚመጣ። አምስቱም መጻፍ አቆሙ። ዶክተሯ ሳቀች። «እኛ ይህን ጠረጴዛ ለማቋቋም ስንት ዓመት ፈጀብን!» አለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው የገዛ እናቴን በር ላይ አቁሜ ነበርና።

አሁን ወደዚያ ረቡዕ ደረስኩ።

ሰውዬው ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ከናዝሬት ሩቅ የሆነ ከተማ ሰው ናቸው። ስማቸውን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። እህል አይረጋላቸውም፤ በበሉ ቁጥር ይመለሳል። ዶክተሯ ሆዳቸውን ሁሉ መርምራ ምንም አላገኘችም። ያን ቀን አምስቱም ባሉበት፣ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው ተናገሩ።

«ሰው በጠዋት ይጠራል፣ አይመለስም። በስድስት ሰዓት ግን ምሳው ይመጣል። በስሙ ይጣራሉ። መጀመሪያ ቀን ማንም አልተነሳም፤ ምሳው እንደሞላ ወጣ። ከበር ውጭ አንዲት ሴት ስትጮኽ ሰማን። ከዚያ ወዲያ ተማከርን። ስሙ ሲጠራ አንዳችን አቤት እንላለን። እንበላለን፤ ርቦናል። ከመጠጫችን ቀንሰን ዕቃውን እናጥባለን፣ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው ብላ ትሄዳለች ብለን። እኔ የሰባት ሟች ምሳ በልቻለሁ።»

ተራው የኔ ነው። በስዊድንኛ «እኔ» አልኩ። «እኔ» አልኩ እንደገና። ጣቶቼ ታጠፉ።

«አስቴር?» አለ ሥነ ልቦናው። «ምን አሉ?»

ወደሱ አልዞርኩም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ቀን ያልጣስኩትን ሕግ ጣስኩና ሰውዬውን በራሴ አፍ አናገርኳቸው።

«በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ቀና አሉ። «የማን ነሽ?»

«የወንድሜ። ቶሎሳ ይባል ነበር። ናዝሬት ነው፣ የእርስዎ እስር ቤት አይደለም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝርዝሩን፣ አሥራ አንደኛውን መስመር፣ አንድ ስህተት የሌለበትን ገጽ፣ ግራሩን፣ በወረቀት የጠቀለልኳትን ጉርሻ፣ «አለ ልጄ» እየተባልኩ የዋጥኩትን። አምስቱ ባለሙያዎች አንዲት ቃል ሳይገባቸው ተቀምጠው ሰሙ። ማንም አላቋረጠኝም። ዲያቆናዊቷ ተነስታ በግራዬ ተቀመጠች፤ ዶክተሯ ውሃ አመጣች። ሳያውቁት ለቅሶ ተቀመጡ።

ስጨርስ ሰውዬው «ወጡ ምን ነበር?» አሉኝ።

«ምስር። አንዳንድ ቀን ሽሮ።»

«ጨውስ?»

«ይበዛል። እናቴ እጇ ጨው ላይ አይጠናም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ። «እኛ ጋም አንዷ ነበረች፣ ጨው የምታበዛ። ለሷ ምሳ ነበር የምንጋፋው» አሉ። «አየሽ፣ እኛ አጠብን፣ አንቺ አቆሸሽሽ። ሁላችንም ለአንዲት እናት ብለን ነው።» ከዚያ ከወንበራቸው ተነሱ፤ በሁለት እጃቸው እጄን ያዙኝ። «ለማን እንደምለው ቸግሮኝ ነው የኖርኩት፣ እህቴ። ስለ ምሳው እግዜር ይስጥልኝ። እናትሽንም እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።»

እሳቸው የበሉት የቶሎሳን ምሳ አይደለም። ያን አውቃለሁ፤ ልቅም አድርጌ አውቃለሁ። ቢሆንም ተቀበልኩ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው እሷ አሁንም በር ላይ ቆማለች።»

ለባለሙያዎቹ በስዊድንኛ ሕጉን እንደጣስኩ ነገርኳቸው፤ የሰውዬውን ቃል ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ፣ በ«እኔ» ተረጎምኩ። ከዚያ የራሴን በአጭሩ። ሥነ ልቦናው ብዕሩን አላነሳም። ዶክተሯ የጽሕፈት ጠረጴዛዋን ስልክ ወደኔ ገፋችው።

ናዝሬት ገና አልመሸም፤ ጋሽ ሁሴን ሱቅ ይሆናሉ። መስመር እስኪገኝ ረጅም ጊዜ ጠበቅን። በመጨረሻ ድምፃቸው ከሩቅ መጣ።

«ሃሎ! ማነው? አስቱ? ኢንታላ ኮ፣ አካም ጂርታ? ልጄ፣ ደህና ነሽ? እናትሽን ላስጠራልሽ?»

«የለም ጋሽ ሁሴን፣ አያስጠሯት። እርስዎን ነው የፈለግሁት። ነገ ማለዳ ሰው ይሰብስቡልኝ።»

ሽቦው ውስጥ የሚጮኸው ነፋስ ብቻ ተሰማኝ። መስመሩን የሚሰማ ጆሮ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በላይ ማለትም አያስፈልግም ነበር።

«ለእናትሽ ነው?»

«አዎ።»

«በልጁ?»

«አዎ።»

እስትንፋሳቸውን ሰማሁ። «እሺ። ከጸሎታችሁ ሰዎች ሁለት እጠራለሁ። ሚስቴ ከጎኗ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ብቻዋን አትውልም፣ በዚህ አትስጊ። ለቅሶ ክልክል ነው የሚል ቢመጣ እኔ ሱቅ በር ላይ አለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው፣ ልጄ?»

«ከጥንት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«አይ አስቱ» አሉ። ሌላ ወቀሳ አልነበረም። «አሁንስ አጠገብሽ ማን አለ?»

ቀና ብዬ አየሁ። ዲያቆናዊቷ በግራዬ አለች፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ። ዶክተሯ መስኮቱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣ እንዳላፍር ብላ። ሶሻሏ ታለቅሳለች። ሰውዬው ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቡሌ ቆርሰው ቀስ ብለው ያኝካሉ፤ ሆዳቸው እስኪመልስ የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ አልመለሰም። ስልኩን የያዙት ጣቶቼ ተዘርግተዋል።

«ሰው አለ ጋሽ ሁሴን» አልኳቸው። «ብዙ ሰው አለ።»